ድሪቶ ነው ወይስ ጥበብ? ስለ እናትሽ ያልጋ ልብስ

ጥያቄው ትንሽ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «እናቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ከአሮጌ ልብስና ከልብስ ሰፊ ቤት በምታመጣው ቁርጥራጭ ያልጋ ልብስ ትሰፋለች። እስካሁን አራት ሠርታለች። የአንዱ አብዛኛው ጨርቅ የአባቴ የሥራ ቱታ ነው፤ አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ወንድሜ “ድሪቶ” እያለ ይቀልድባታል። እኔ ግን ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ኩዊልት ብለው ሙዚየም ይሰቅሉታል ሲባል ሰምቻለሁ። እሷ ደግሞ “የምን አርት ነው፣ ጨርቅ ሲያልቅብኝ እኮ ነው” ትላለች። እውነት አርት ነው ወይስ የእጅ ሥራ ብቻ? ጋለሪ ወስጄ ላሳየው? የአራቱንም ፎቶ ልኬያለሁ።»

አጭሩን ላስቀድም። ፎቶ ሦስት ላይ ያለው፣ የቱታው፣ አርት ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ግሩም ያልጋ ልብሶች ናቸው። ይሄን ስል እያንቋሸሽኩ እንዳይመስልሽ። ብርድ የሚከላከል ነገር አሳምሮ መሥራት ቀላል አይደለም፣ የናንተን ሰፈር የሐምሌ ንፋስ ደግሞ አውቀዋለሁ። ግን በአራቱ መሃል ልዩነት አለ፤ የቱ ጋ እንደሆነ ለማሳየት ትንሽ ዞር ብዬ መምጣት አለብኝ። ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

ማን ነኝና ነው እንዲህ የምፈርደው? የተማርኩት ሥዕል ነው። ኋላ ወደ ጨርቅ ዞርኩና 18 ዓመት አሮጌ ጨርቅ ስጠግንና ስፌት ሳስተምር ቆየሁ። አሁን የማስተምርባት ክፍል አቃቂ ነች፤ ካንቺ ቤት ብዙም አትርቅም።

ወንድምሽ ስም አወጣጥ ላይ አልተሳሳተም። ደረተ ማለት ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየደራረበ ሰፋ ማለት ነው፣ ድሪቶ ደግሞ ከዚያ ሥራ የሚወጣው ልብስ። ችግሩ ቃሉ ላይ የተጣበቀው ድህነት ነው። ድሪቶ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የኔ ቢጤው ነው፣ ባሕታዊው ነው፣ ቅያሪ የሌለው ሰው ነው። ይሄ ደግሞ የኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። በሰሜን ጃፓን፣ ብርዱ ጥጥ በማያበቅልበት አገር፣ ገበሬዎች ሰማያዊ ጨርቅ በሰማያዊ ጨርቅ ላይ እየደረቱ ከአያት ለልጅ ልጅ ያወርሱት ነበር። ቦሮ ይሉታል፤ ያው ቡትቶ እንደማለት ነው። አገሩ ሲያልፍለት ቤተሰቡ አፈረበትና ደበቀው፣ ጣለው። ዛሬ ያ ቡትቶ ሙዚየም ገብቷል፣ ሰብሳቢዎችም ያሳድዱታል። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ ብርዱ የተረሳው ሰዉ ዘንድ ነው።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። አያቴ ድሪቶ ነበራቸው። ከባድ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ አንዱ ጥግ ላይ የማን ቀሚስ እንደነበረ የማይታወቅ አበባማ ጨርቅ ያለበት። ቤት ስንቀይር «ይሄ ነገር ቁንጫ ያመጣል» ብዬ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ያኔ የሥዕል ተማሪ ነበርኩ። እስቲ አስቢው።

ስለ ስሙም እንስማማ። ኩዊልት ሦስት ድርብ ነው። ላይ ፊቱ አለ፣ ብዙ ጊዜ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ። መሃል ሙቀት የሚይዘው አለ፣ ድሮ ባዘቶ፣ አሁን ፋይበር። ከሥር ገበሩ አለ። ኩዊልት የሚያሰኘው ብዙ ሰው እንደሚመስለው ቁርጥራጩ ሳይሆን ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ እየወጋ የሚያልፈው ስፌት ነው። ያ ስፌት ባይኖር ጥጡ አንድ ጥግ ሄዶ ይከመራል፤ ርካሽ ኮምፎርት አጥበሽ የምታውቂ ከሆነ ምን እንደምል ይገባሻል። የኛ ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ መሃሉ ምንም አይገባም፣ ሙቀቱን የሚይዘው በድርቦቹ መሃል ያለው አየር ነው። ስለዚህ ኩዊልት የሚለው ስም እንግዳ ይሁንብን እንጂ ሐሳቡ ለጋቢ ለባሽ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ሙዚየሙ። (የውጭውን ታሪክ ዓመት የምጽፈው በፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሪ።)

በ1971 ኒውዮርክ የሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ወደ 60 የሚጠጉ አሮጌ የአሜሪካ ኩዊልቶችን አሳየ። ያሰባሰቧቸው ጆናታን ሆልስታይንና ጌይል ቫን ደር ሁፍ የሚባሉ ጥንዶች ናቸው። አልጋ ላይ አላነጠፏቸውም፤ ነጭ ግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል ሰቀሏቸው። ነገሩ ቀላል ነበር። አልጋውን እርሱት፣ አያትየዋን እርሷት፣ ቀለሙንና ቅርጹን ብቻ እዩ ነው። ሰዉም አየ። የዘመኑ ስመ ጥር ሠዓሊዎች ሸራ ላይ ሲያደርጉት እንደ ጉድ የተወራለት ነገር ሁሉ፣ ሰፊው ባለ አንድ ቀለም መደብ፣ ጥርት ያለው መስመር፣ እየተደጋገመ ዓይን የሚያጭበረብረው ካሬ፣ የገበሬ ሚስቶች ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት በመርፌ ጨርሰውት ተገኘ። የተመልካቹ ብዛት ትርኢቱን አስራዘመው፣ ከዚያም በየከተማው ዞረ። «ኩዊልት አርት ተባለ» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ከዚያች ዓመት ነው የሚጀምረው።

እኔ ግን እዚህ ታሪክ ላይ ቅሬታ አለኝ። ብቻዬንም አይደለሁም። ፓትሪሺያ ማይናርዲ የምትባል የሥነ ጥበብ ታሪክ ሰው ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1973፣ አንድ ጽሑፍ አወጣችና ሰዉን አንጫጫችው። ሴቶቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ያውቁ ነበር፣ ብዙዎቹም ስማቸውንና ዓመቱን ጨርቁ ላይ ሰፍተዋል፣ እናንተ ስማቸውን ትታችሁ ጨርቁን ብቻ ሰቀላችሁ ነው ነገሩ። ልክ ነበረች። ሙዚየሙ ጨርቁን አከበረ፣ ያከበረበት መንገድ ግን ሠሪዋን በማስወጣት ነው። ሥዕል ቢሆን ስም የለሽ ሆኖ ቢሰቀል የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ነው?» ይሆን ነበር። ጨርቅ ሲሆን «ከየት አገር ነው?» ተብሎ ይታለፋል።

ስም ሲኖር ምን እንደሚለወጥ ለማየት ወደ ኋላ እንሂድ። ሃሪየት ፓወርስ በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ነች። ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1880ዎቹ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የያዘ ኩዊልት ሰፋች። 11 ክፍል አለው፤ አዳምና ሔዋን አሉ፣ የያዕቆብ መሰላል አለ፣ የመጨረሻው እራት አለ። ሰውና እንስሳውን ከጨርቅ እየቆረጠች መደቡ ላይ ለጥፋ ሰፍታቸዋለች። እኛ አገር የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአርባ አራት ክፍል ሥዕል ሲተረክ ያየ ሰው ለማንበብ አይቸገርም፤ ዓይን በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። በ1886 አንድ የጥጥ ባዛር ላይ አሳየችው። ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል አስተማሪ አይታው ልትገዛ ጠየቀች። ፓወርስ አልሸጥም አለች። ከዓመታት በኋላ ኑሮ ሲከብድ ራሷ ይዛው ሄደች፣ 10 ዶላር ጠየቀች፣ በ5 ተስማማች። ከሸጠችው በኋላ ደግሞ ልታየው እየተመላለሰች ትመጣ ነበር።

እዚህች ላይ ቆም በይ። ስሚዝ ኩዊልቱን መግዛቷ አይደለም ትልቁ ነገር። ሠሪዋ እያንዳንዱን ክፍል ስታስረዳ ቁጭ ብላ ጻፈችው። ዛሬ ያ ኩዊልት ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ነው ያለው፣ ሁለተኛው የፓወርስ ሥራ ቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። የሚታወቁላት ሁለት ብቻ ናቸው። በባርነት ዘመን የተወለዱና የሰፉ ስንት ሺህ ሴቶች ነበሩ፣ እኛ ግን ይቺን ሴት በስሟ የምንጠራት አንዲት አስተማሪ እርሳስና ወረቀት ስለያዘች ነው።

ለጥያቄሽ በጣም የሚቀርበው ግን ጂስ ቤንድ ነው። አላባማ ውስጥ ወንዙ ተጠማዝዞ በሦስት ጎን የከበባት የገጠር መንደር ነች። ነዋሪዎቿ በባርነት ከነበሩ ሰዎች የተወለዱ ጥቁሮች ናቸው፣ ብዙዎቹም የጌታቸው የነበረውን ሰው ስም ይዘው ፔትዌይ ይባላሉ። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት በ1942 ባሏ ሞተባት። የሥራ ልብሱን ተርትራ ኩዊልት አደረገችው። ልጇ አርሎንዚያ ኋላ እንደተናገረችው እናቷ የፈለገችው እሱን ልታስብበትና ከሥሩ ገብታ ልትተኛበት ነው። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ይሄ ነው። እናትሽ ስለ አላባማ ሰምተው አያውቁም ብዬ እወራረዳለሁ።

የጂስ ቤንድ ሴቶች ከሥራ ልብስ የሠሯቸውን ብታዪ ፋብሪካ የማያወጣው ቀለም አላቸው። ጉልበቱ ነጥቷል፣ ኪሱ የተነሳበት ቦታ ጠቆር ብሎ ቀርቷል። በ1966 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በ1972 ሲርስ ለሚባለው ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት የትራስ ልብስ ለመስፋት ተዋዋሉ፣ ኮርዶሮይ ከሚባለው መስመር መስመር ካለው ወፍራም ጨርቅ። ትእዛዙ አንድ ዓይነት፣ ድግግም፣ አሰልቺ ነበር። ቁራጩን ግን ቤታቸው ወሰዱት፣ ከዚያ የወጡት ኩዊልቶች ዛሬ ከመንደሩ ምርጥ ሥራዎች ይቆጠራሉ። ይሄ እኛን ይመለከተናል። ዙሪያችንን የልብስ ፋብሪካ ነው፤ ቦሌ ለሚ አለ፣ አቃቂ አለ፣ ሰበታ አለ። እኔ ራሴ ቁራጭ የምገዛው በማዳበሪያ ነው። አንድ ሰሞን የተማሪዎቼ ሥራ ሁሉ ብርቱካናማ ሆነብኝ። ምን ነካቸው ብዬ ስጠይቅ ለካ የዚያ ወር ትእዛዝ ብርቱካናማ ቲሸርት ኖሯል።

በ2002 የጂስ ቤንድ ኩዊልቶች ሂዩስተን ላይ ታዩ፣ ከዚያ ኒውዮርክ መጡ፣ ያው ዊትኒ። ከ31 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚህኛው ጊዜ ከጨርቁ አጠገብ ስም አለ፣ ፎቶ አለ፣ ሴቶቹ ራሳቸው የተናገሩት አለ። በ2006 ደግሞ አሥር የአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጡ። ለእኔ ኩዊልት በትክክል የተከበረው ያኔ ነው፣ በ1971 የተደረገው ግማሹ ነበር።

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። ፌይዝ ሪንጎልድ (1930–2024) ሥዕል ተምራ ኋላ ወደ ጨርቅ የሄደች ሰው ነች፤ የመጀመሪያ ኩዊልቷን በ1980 ከእናቷ ጋር ሠራች፣ እናቷ ልብስ ዲዛይነር ነበሩ። ከጨርቅ አንዱ ጥቅም ተጠቅልሎ በብብት መሄዱ ነው፣ ጫኝና አውራጅ አይፈልግም። በኤድስ ለሞቱ ሰዎች የተጀመረው የመታሰቢያ ኩዊልት ደግሞ በ1987 ዋሽንግተን አደባባይ ሲዘረጋ 1,920 ቁራጭ ነበረው፣ እያንዳንዱ 3 በ6 ጫማ፣ የአንድ መቃብር ልክ፣ እያንዳንዱ ላይ የሰው ስም። ዛሬ ወደ 50,000 ደርሷል። እዚያ ጨርቁና ስሙ አንድ ነገር ናቸው።

እኛ ጋስ? እዚህ ትንሽ እበሳጫለሁ፣ ይቅርታ።

ሽሮ ሜዳ ሄደሽ «ጥበቡ ያምራል» ብትዪ ነጋዴው ስለ ኪነ ጥበብ የምታወሪ አይመስለውም፤ የቀሚሱን ጠርዝ ነው የሚያይልሽ። አርት የምንለውን ነገር የምንጠራበት ቃል ከሸማ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ቋንቋው ጥያቄሽን ከመለሰ ቆይቷል። ሰዎቹ ግን አልመለሱም። ከዚያው ሥር ጠቢብ አለ፣ ጠይብም አለ፤ አንዱን አዋቂ ብለን አከበርንበት፣ ሌላውን ቡዳ ብለን ሸሸነው። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ሲባል ኖሯል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (ይሄ በኛ ነው) ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ አስነገሩ። አዋጁን አስተማሪዎች ደጋግመው ያነቡልናል። ግን እስቲ ከቤታችሁ አንድ ጥሩ ጥበብ ያለው ነጠላ አውጪና የሸማኔውን ስም ንገሪኝ። እኔም አላውቅም። የእናቴን የሠርግ ቀሚስ ይዤ ነው ይሄን የምጽፈው።

ትልቁን ምሳሌ ልስጥሽ። እንግሊዝ ሙዚየም ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ከሐር የተሠራ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አለ፣ ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ የሄደ። ከአምስት ሜትር በላይ ይረዝማል። ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ክር እያሽከረከሩ የሚሠራ አሠራር ነው፣ ሰዎቹን ክሩ ራሱ ነው የሣላቸው። አጥኚዎች የተሣሉት ንጉሡ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ናቸው ይላሉ። ስለ ንጉሡ መጻፍ የፈለገ ብዙ አለው። የሠሪዎቹ ስም ግን የለም፤ አንድ ሰው አልጻፈውም።

አሁን ግን ነገሩ መቀየር ጀምሯል፣ ያንን የምታውቂው ይመስለኛል። ኤልያስ ስሜ በ1968 (ይሄ በፈረንጅ ነው) አዲስ አበባ የተወለደ፣ እዚሁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ነው። ሸራ ላይ በክርና በቁልፍ (በሸሚዝ ቁልፍ) እየሰፋ ነው ስም ያወጣው፤ ኋላ ወደ ኮምፒውተር ሽቦና የተጣለ ኤሌክትሮኒክስ ሄደ። በ2022 የቬኒስ ቢየናሌ ላይ ነበር። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ነው ያለው፤ እናትሽን ይዘሽ አንድ ቅዳሜ ሂጂ። ስለ አርት አታውሪያቸው። ዝም ብለሽ አብረሽ ዙሪ፣ የቱ ጋ እንደሚቆሙ ብቻ ተመልከቺ።

አሁን ወደ ፎቶሽ።

ፎቶ ሦስትን አጉልቼ ረዘም ላለ ጊዜ አየሁት። የአባትሽ ቱታ አንድ ሰማያዊ አይደለም፣ አራት ነው። ትከሻው ፀሐይ ያነጣው ነው፣ ጉልበቱ ወደ ግራጫ ሄዷል፣ ከብብት በታች ያለው ገና አዲስ ይመስላል፣ አራተኛው ደግሞ ኪሱ ነው። ከታች ወደ ግራ፣ ኪስ የነበረበት ካሬ ጠቆር ብሎ ቀርቷል፣ ክሩ ሲተረተር የቀረው ቀዳዳ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ዙሪያውን ይታያል። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ወደ ውስጥ ይቀለብሰው ወይ ቆርጦ ይጥለው ነበር። እናትሽ ቀጥ አድርገው አቆሙት፣ ዙሪያውንም ባዶ ሰማያዊ ተዉለት፣ እንደ መስኮት።

ከላይ ሁለተኛው መስመር ላይ ደግሞ ቀጭን ቀይ አለ። ሦስት ስንዝር ያህል ይሄድና ይቆማል። «ጨርቅ ሲያልቅብኝ እኮ ነው» ያሉት ይሄን ይመስለኛል። እሺ፣ አለቀባቸው። ሲያልቅባቸው ምን አደረጉ? ሰማያዊ ቢያስገቡ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እሳቸው ግን በዚያው ስፋት ቢጫ ፈልገው ቀጠሉት። ከዚያ አራት መስመር ወረድ ብለው ጣት የምታህል ቀይ ከየት እንዳመጧት እንጃ፣ ከኪሱ ምልክት አጠገብ አስቀመጧት። ዓይኔ ከላይ ከቀዩ ይነሳል፣ በቢጫው ይሻገራል፣ ወርዶ ኪሱ ላይ ያርፋል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ወሰደኝ። ጨርቅ ያለቀበት ሁሉ እንዲህ አያደርግም። የአባትሽን ታሪክ ባትነግሪኝም ኖሮ እዚያች ኪስ ላይ አንድ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። እኔ የምፈርደው በዚህ ነው። ወሬውን ሸፍኜ አየዋለሁ፣ ጨርቁ ብቻውን ወደ ሆነ ቦታ ከወሰደኝ ሌላ ምስክር አልጠራም።

አንድና ሁለት ግን ከስልክ ላይ የታየ ንድፍ ነው፣ ኮከቧ የታወቀች ነች። ስፌቱ ንጹሕ ነው፣ ጥግ ጥጉ ይገጥማል፤ ከብዙ ተማሪዎቼ ይበልጣሉ። ግን ውሳኔውን የወሰነው ንድፉ ነው። አራተኛው አጀማመሩ ድንቅ ነበር፣ መሃሉ ላይ የሰለቻቸው መሰለኝ (እውነቴን ነው፣ ጠይቂያቸው፣ ይስቃሉ)።

ጋለሪውን በተመለከተ አሁን አትሂጂ። ከዓመታት በፊት እኔ የራሴን የጨርቅ ሥራ ጠቅልዬ አንድ ጋለሪ ሄጄ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ሰውየው በትሕትና ዘረጋው፣ በትሕትና አጣጠፈው፣ ከዚያ «ለስጦታ ዕቃ መደብራችን ይሆናል» አለኝ። ከረከቦትና ከቁልፍ መያዣ ጎን ማለቱ ነው። ያን ቀን የተናደድኩት በእሱ ነበር፤ አሁን ሳስበው ጥፋቱ የኔም ነው። ርዕስ የለው፣ ዓመት የለው፣ ስሜ እንኳ የለበትም፣ የተሸከምኩት በፌስታል ነው። በፌስታል የመጣን ነገር በፌስታል ዋጋ ነው የሚያዩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ስሙ። ገበሩ ላይ፣ ከታች በቀኝ ጥግ፣ በክር ይጠለፍ። ሙሉ ስማቸው ከነአባታቸው፣ ኮዬ ፈጬ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ከቻልሽ የአባትሽም ስም። በማርከር እንዳትጽፊ፣ ይደማል፣ ጨርቁንም ይበላዋል። ቢቻል ራሳቸው ይጥለፉት፣ እጁ የሳቸው እንዲሆን። «ስሜን አልጋ ልብስ ላይ? ምን ሆንሽ?» እንደሚሉሽ አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼም ይሉኛል። አትከራከሪያቸው። የአባትሽን ስም አስቀድመው እንዲጠልፉ ጠይቂያቸው፣ የሳቸውን ከሥሩ ለመጨመር ያኔ አያቅማሙም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ቡና አፍልታችሁ ስልክሽን አጠገባቸው አስቀምጪና ቅጂ። ይሄ ቁራጭ ከየት መጣ፣ ይሄስ፣ ቀይዋን የት አገኟት። አርት ነው አይደለም ብለሽ አትጠይቂ፣ ስለ ጨርቁ ብቻ ጠይቂ። ጄኒ ስሚዝ ያደረገችው ከዚህ የተለየ አይደለም።

አያያዙን በአጭሩ፦ ፀሐይ ያለበት ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ የኮንዶሚኒየም መስኮት ትልቅ ነው፣ ያን የመሰለ ቀይ በሁለት ዓመት ሮዝ ያደርገዋል። በሚስማርም በመቆንጠጫም አይሰቀል፣ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ወድቆ ይቀደዳል። ከጀርባው ከላይ በኩል ዳር እስከ ዳር ዘንግ የሚገባበት የጨርቅ ቱቦ በእጅ ይሰፋ፣ እንደ መጋረጃ። የማይሰቀል ከሆነ አይታጠፍ፣ ይጠቅለል፣ በታጠበ አቡጀዲ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ፌስታል ውስጥ ላብ ይይዛል። በረኪና ስሙም አይነሳ። ብል እንዳይገባው በየጥቂት ወሩ አውጥተሽ ጥላ ላይ አናፍሺው።

መሸጥ ካሰባችሁ ሌሎቹን ሦስቱን ሽጡ፣ የፈጀውን ቀን ቆጥራችሁ የልብስ ሰፊ የቀን ሒሳብ አስባችሁ፣ ጨርቁ አሮጌ ነው ብላችሁ ሳትቀንሱ። የቱታውን አትሽጡ። ፓወርስ በ5 ዶላር ሸጣ ልታየው ስትመላለስ እንደነበር ነገርኩሽ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። የላክሽልኝ አራቱም ፎቶ ከፊት ነው። የቱታውን ገልብጪና ገበሩን አንሺልኝ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን፣ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው። ኪሱ ጋ ስፌቱ ዙሪያውን ዞሮ እንደሆነ ወይስ በላዩ ላይ አልፎ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ከፊት ዞሮት የሄደ ይመስላል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።